በሑዳዴ ቅቤ የቀባኋት ሽጉጥ

ሰው ከሎሚ ጋር ይጣላል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ ተጣልቻለሁ። ያውም ተራ ጠብ እንዳይመስላችሁ። ዘበኛ የገባበት፣ ዳኛ የተሰየመበት፣ ገንቦ የተሰበረበት፣ የአራዳ ገበያ በሙሉ በደረቱ የተኛበት ጠብ ነው። እስከ ዛሬ ሎሚ ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል። ሰው ቤት ተጋብዤ ባለቤቲቱ "ሎሚ ጨመቅ ያድርጉበት እንጂ" ስትለኝ፣ "ግድ የለም፣ እንዲሁ ይሻለኛል" እላለሁ። ምክንያቱን ላጫውታት ብጀምር ምግቡ ይበርዳል።

ነገሩ የመጣው በሽጉጥ ነው። በዚያን ጊዜ የምሠራው አራዳ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ የአንድ አርመን የሰዓት ማደሻ ሱቅ ነበር። ስሙን ጠርቶት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁላችንም "ሙሴ" ነው የምንለው። አንድ ፈረንጅ ደንበኛው ወደ አገሩ ሲመለስ ሽጉጥ ሰጠው። ሙሴ ደግሞ ሰዓቱ ደወል ሲመታ እንኳ የሚበረግግ ሰው ስለሆነ፣ ለገና በዓል መርቆ ለእኔ አስተላለፋት። "አንተ ውሰዳት፤ እኔ ቤት የሚጮኸው ሰዓት ብቻ ነው" አለኝ።

መቼም ሽጉጥ ከተባለች ሽጉጥ ነች። አፈሙዟ ረዥምና ቀጭን፣ እጀታዋ የእጅ ቅርጽ ተደርጎ የተቀረጸ እንጨት፣ የምትጎርሰው አንዲት ጥይት ብቻ፣ ያቺም ጥይት ከአተር ፍሬ የማትበልጥ። ፈረንጆቹ ወረቀት ላይ ክብ ሥለው የሚጫወቱባት ነች አሉ። ሰው ለመግደል ሳይሆን ወረቀት ለመብሳት የተሠራች መሣሪያ መኖሩን የሰማሁ ያን ዕለት ነው። አብራኝ የምትኖረው አክስቴ እትዬ ዘነቡ ደግሞ አገላብጣ አየቻትና፣ "ይቺ ለምን ትሆናለች? ለቁንጫ?" አለችኝ።

እኔ ግን ወደድኳት። የወደድኩት እሷን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ዶሮ ማነቂያ በሚኖሩት በባሻ ተክሌ ልጅ በአስካለም ፍቅር ተይዤ ነበር። አስካለ የአባቷን የኪስ ሰዓት ለማሳደስ ወደ ሱቃችን ትመጣለች። ሰዓቱ ሲታመም እኔ እድናለሁ፣ ሰዓቱ ሲድን እኔ እታመማለሁ። የልቤን ተረድታ እንደሆነ ባላውቅም፣ አንድ ቀን ሰዓቱን ስትቀበለኝ "ደህና አድርገህ አልሠራኸውም ይሆናል፤ ሳይበላሽ አይቀርም" ብላኝ ሳቅ አለች። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ላክሁ።

ባሻ ተክሌ የድሮ ወታደር ናቸው። ጺማቸው ሸብቷል፣ ጆሯቸው ደክሟል፣ ሃይማኖታቸውና ቁጣቸው ግን እንደ ወጣትነታቸው ነው። ሽማግሌዎቼን እስኪበቃቸው ካቆሙ በኋላ፣ "በእኔ ቤት ልጅ የሚወስድ ሰው ዒላማ ይመታል። አባቴ መትቶ ነው ያገባ፣ እኔም መትቼ ነው ያገባሁ። ልጁ መጥቶ ግቢዬ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ የማንጠለጥለውን እንቁላል ይምታ" አሉ። ከእኔ በፊት በጥር የመጡ ጠያቂዎች በምንሽር ሞክረው፣ እንቁላሉ እንደተንጠለጠለ ግንዱን አቁስለው ሄደዋል። እኔ ምንሽር የለኝም። ቢኖረኝም ትከሻዬን ይነቅለዋል። በሽጉጥ ይፈቀድልኝ ብዬ አስለመንኩ። ባሻ እስኪያስላቸው ስቀው፣ "በወንጭፍም ቢሆን ፈቅጃለሁ! ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ይምጣ። ከሳተ ግን አንድ የቡልጋ ባለርስት ልጄን ጠይቆኛል፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ለእሱ እድራታለሁ" አሉ።

እንቁላልስ ደህና ነበር። እንቁላል ሆዱ ሰፊ ነው፣ በነጭነቱ ከሩቅ ይጠራል። ግን ወሩ ሑዳዴ ነው! የባሻ የነፍስ አባት ነገሩን ሲሰሙ፣ "በጾም? እንቁላል? አስኳሉ ግቢ ውስጥ ሲፈስ፣ ሽታው ሰው አፍንጫ ሲገባ? እግዚኦ!" ብለው ጮኹ። ባሻም ደነገጡና እንቁላሉን በሎሚ ለወጡት። የጾም ዒላማ መሆኑ ነው። ወገኖቼ፣ ጾም ሰውን እንደሚያከሳ አውቃለሁ፤ ዒላማ እንደሚያከሳ ግን አላውቅም ነበር። የእኛን አገር ሎሚ ታውቁታላችሁ። ከአውራ ጣት ጥፍሬ ጋር ሲተያይ ወንድሙ ይመስላል።

ሽጉጧን ይዤ ወደ ቀበና ወንዝ ወረድኩና ድንጋይ ላይ ሎሚ አስቀምጬ ተኮስኩ። ሎሚው ዝም አለ። ደግሜ ተኮስኩ። ሎሚው አሁንም ዝም። ወንዙ ማዶ ልብስ የሚያጥብ ሰው ግን ዝም አላለም፤ እርጥብ ሱሪውን በአናቱ ተሸክሞ ወደ ዳገቱ ሮጠ። ያኔ ነው የገባኝ። ጥይቷ ወደ ግራ እየሄደች ነው!

እኔ የሰዓት ቤት ሰው ነኝ፣ የማይስተካከል ነገር የለም ባይ ነኝ። ጥይቷ ወደ ግራ ከሳተች መድኃኒቱ ግልጽ ነው ብዬ፣ አፈሙዟ ጫፍ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ በትንሿ መዶሻ ቀጭ ቀጭ አድርጌ ወደ ቀኝ ገፋኋት። ብልህ ሰው! በማግሥቱ ጥይቷ ይባስ ወደ ግራ ሄዳ፣ ሎሚው ጋ ሳይሆን ሎሚው ከተሸጠበት ገበያ ልትደርስ ምንም አልቀራት። ለካ ማነጣጠሪያ የሚገፋው ወደ ሳተችበት በኩል ኖሯል። ይህን የነገረኝ ሙሴ ነው፤ እሱም ጠረጴዛ ሥር ሆኖ ነው የነገረኝ፣ ሽጉጧን ይዤ ስለገባሁ። ወደ ግራ መለስኳት። አሁን ደግሞ አበዛሁት መሰለኝ ወደ ቀኝ መሳት ጀመረች።

ማነጣጠሪያው አልሆን ሲል ወደ ምላጯ ዞርኩ። ጣት የሚያርፍባት ምላጭ ጠንካራ ስለሆነች፣ ስስባት እጄ ይንቀሳቀሳል። እሷን ማላላት ነው! ሆዷን ከፈትኩና በሰዓት ሞረድ ሞርጄ ሞርጄ አለሳለስኳት። ልስላሴዋ ደስ አለኝና ትንሽ ጨመርኩ። ልስላሴ ሲበዛ ምን እንደሚሆን የገባኝ፣ ሽጉጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳነጥስ ነው። ባዶ ነበረች፣ እግዜር ይመስገን። ግን ማንም ሳይነካት "ቀጭ!" አለች። ሙሴ ያን ቀን ሱቁን በምሳ ሰዓት ዘጋ።

እትዬ ዘነቡ ይህን ሁሉ ጉድ ስታይ ከርማ አንድ ቀን አላስችል አላት። "አንተ ልጅ፣ ብረት እንዲህ ትቀጠቅጣለህ እንጂ አንድ ቀን ቅቤ ቀብተኸዋል?" አለችኝ።

"ቅቤ?"

"ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠመንጃውን ቅቤ ሳይቀባ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ደረቅ መሣሪያ እንደ ደረቅ ሰው ነው፣ አይታዘዝም።"

"ታዲያ ቅቤ ስጪኝ!"

"በሑዳዴ ከየት አባቴ ላምጣልህ? ያለኝ ለፋሲካ ዶሮ ያነጠርኩት ብቻ ነው።"

ለመንኳት። የአስካለን ስም ጠርቼ ለመንኳት። በመጨረሻ የተከደነውን ማሰሮ ከጓዳ አወጣች፤ ሽታው እንዳይፈትናት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ በማንኪያ ቆንጥራ ሰጠችኝ። ኮረሪማ ያለበት፣ ኮሰረት ያለበት፣ የፋሲካን ጠዋት የሚያስታውስ ቅቤ ነው። እጄን ሳልልስ ያን ቅቤ ሽጉጥ ላይ መጨረሴን ሳስብ እስከ ዛሬ በራሴ እኮራለሁ። ሽጉጧም ተለወጠች። ቢያንስ እኔ እንደዚያ መሰለኝ፤ ሎሚውን ባትነካውም ሎሚው የተቀመጠበትን ድንጋይ መታችው። ይህ ለእኔ ትልቅ ዜና ነበር።

ቅዳሜዋ ደረሰች። ጠዋት እትዬ ዘነቡ ሳታየኝ ማሰሮውን ከጓዳ አውጥቼ፣ የቀረውን ቅቤ ሁሉ ከአፈሙዝ እስከ እጀታ ለቀለቅኳት። ባሻ ፊት እጄ ተንቀጥቅጦ ጥይት ማጉረስ ቢያቅተኝስ ብዬ፣ ከቤቴ ሳልወጣ አጎረስኳት። አያችሁልኝ? ምላጯ በማነጠስ የምትሳብ፣ ጥይት የጎረሰች ሽጉጥ በመሐረብ ጠቅልዬ፣ በቅዳሜ ገበያ መካከል ብብቴ ሥር ይዤ እሄዳለሁ። ላይችል አይሰጠውም ይባላል፤ እኔ ግን ራሴ ለራሴ ሰጠሁት።

ጊዮርጊስ ደጅ ስደርስ ሳልሳለም ማለፍ አልሆነልኝም። እንዲያ ያለ ቀን ማን ሳይሳለም ያልፋል? መሣሪያ ይዞ ግን መሳለም ነውር ነው። ጥቅሏን ከበሩ ጎን ካለ ድንጋይ ላይ አኖርኳትና ግንቡን ስሜ፣ ግንባሬን አስነክቼ፣ "አባቴ ጊዮርጊስ፣ ዘንዶ ከመታህ ሎሚ አያቅትህም፤ ክንዴን ክንድህ አድርገው" ብዬ ለመንኩ። ቀና ስል ጥቅሏ የለችም።

የት ሄደች? ዘወር አልኩ። አንድ ጎድኑ የሚቆጠር ቡላ ውሻ መሐረቤን እያንጠለጠለ ቁልቁል ወደ ገበያው ይነጉዳል። ወገኖቼ፣ የአራዳን ውሻ በሑዳዴ አስቡት። ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። አጥንት የሚወረውር የለም። ሰው ቢያንስ ለነፍሱ ብሎ ነው የሚጾመው፤ ውሻው ግን ያለ ፈቃዱ አብሮ ይጾማል። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ በኮረሪማ የነጠረ ቅቤ ሸተተው! ይኰነናል?

"ኧረ ያዙት! ኧረ ሽጉጥ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ከዚያ መሐረቡ ወደቀ። ሽጉጧ በእጀታዋ በኩል ውሻው ጥርስ መካከል፣ አፈሙዟ ወደ ጎን ተሰልፋ ብቅ አለች። ሳቁ እንዴት እንደቆመ አሁንም ይሰማኛል። ውሻው አንገቱን ወደ በርበሬ ተራ ሲያዞር በርበሬ ተራ በሙሉ ይተኛል። ወደ ጨው ተራ ሲያዞር ጨው ተራ ይተኛል። አንድ የከበሩ ሰው ከበቅሏቸው ወርደው ከበቅሏቸው ሆድ ሥር ገቡ። አንዲት ሴት "ውሻም ሸፈተ!" ብላ ዕልል ልትል ነው ወይስ ልታለቅስ፣ ድምፅዋ መሐል ላይ ቀረ። እኔ ከኋላው እሮጣለሁ። ምላጯን የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ! አንዲት ማነጠስ፣ አንዲት ምላስ፣ አበቃ።

በዚህ መካከል አንድ የአራዳ ዘበኛ ዱላውን ከፍ አድርጎ መንገዱ ላይ ቆመና በሙሉ ድምፁ፣ "በሕግ አምላክ! ቁም!" አለ።

በሕግ አምላክ ከተባለ ማን ይንቀሳቀሳል? ገበያው ሁሉ ባለበት ደረቀ። የሚሸሸው ቆመ፣ የሚወድቀው ተንጠለጠለ። እኔም አንድ እግሬን እንዳነሳሁ ቆምኩ። ሕግ አክባሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ! ቁም ሲባል ያልቆመ ብቸኛው ፍጡር ውሻው ነው። ጅራቱን እየወዘወዘ በዘበኛው እግሮች መካከል አልፎ፣ ጠላ በገንቦ ከምትሸጥ አንዲት ሴት አጠገብ ጥላ ሥር ጋደም አለና ሽጉጧን በሁለት መዳፉ መካከል አመቻችቶ መላስ ጀመረ።

"ዘበኛ፣ ልንቀሳቀስ ወይ?" አልኩ፣ እንደ ቆምኩ።

"አንተ ምኑ ነህ?"

"የውሻው አይደለሁም። የሽጉጡ ነኝ።"

"ጎርሳለች?"

"ጎርሳለች።"

ዘበኛው ቀስ ብሎ ተኛ። እኔ ብቻዬን በአራት እግሬ ወደ ውሻው ተጠጋሁ። "ና ወንድሜ፣ ና የኔ ጌታ፣ እኔ ሌላ እሰጥሃለሁ፣ እሷን ተዋት" እያልኩ ለመንኩት። ውሻው አየኝ፣ በአዘኔታ ነው ያየኝ፣ ከዚያም ምላሱን ወደ ምላጯ አዞረ።

ጧ!

የትንሽ ልጅ ጅራፍ ያህል ድምፅ ነው፤ ለእኔ ግን ሰማይ የተቀደደ መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ውሻው የለም። የጠላ ሻጯ ገንቦ ልክ ወገቡ ላይ ክብ ቀዳዳ አውጥቶ፣ ጠላው በቀጭኑ ይፈሳል። ቀጥሎ ገንቦው ስንጥቅ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ዘበኛው ከተኛበት ሆኖ፣ "አቤት አነጣጠር!" አለ። ልክ ነው። ጾሙን ሁሉ ሞክሬ ያቃተኝን የአራዳ ውሻ ተኝቶ በምላሱ አደረገው። ያን ጊዜ ከድንጋጤዬ መካከል ትንሽ ቅናት እንደነበረ አልሸሽግም።

"ገንቦዬን! የሰንበቴ ጠላዬን!" ብላ ባለ ገንቦዋ ተነሣች። እኔ ለመሸሽ ሳስብ የነጠላዬን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር አስራ ጨርሳለች። "ሳልካስ አልፈታህም! ዳኛ ፊት ትቀርባለህ!" አለች። የዚያን ጊዜ ሕግ ይኸው ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ በመንገድ ያለፈ ትልቅ ሰው ይዳኛቸዋል። እሷም ዞር ብላ፣ በቅሎ ሆድ ሥር ገብተው የነበሩትን የከበሩ ሰው አቧራቸውን ሲያራግፉ አየችና፣ "ጌታዬ! ዳኛ ይሁኑን! በሕግ አምላክ!" አለቻቸው።

ሰውየው ቀና አሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ባሻ ተክሌ ናቸው!

"አንተ የሰዓቱ ልጅ አይደለህም?" አሉኝ።

"ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ሽጉጡ ያው ለሎሚው ያልከው ነው?"

"ነው፣ ጌታዬ።"

ባሻ ለመሳቅ ጺማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እውነት እላችኋለሁ፣ በዚህ ቢያበቃ ይቅር ይሉኝ ነበር። ነገር ግን ዘበኛው ሽጉጧን ከመሬት ሲያነሣት ከእጁ ሙልጭ ብላ ወደቀች። ደግሞ አነሣት፣ ደግሞ ሙልጭ አለች። እጁን አየ። ጣቶቹን አሸተተ። ፊቱ ተለወጠ።

"ጌታዬ" አለ በቀጭን ድምፅ፣ "ቅቤ ነው።"

ያን ጊዜ የሆነውን ድንጋጤ ምን ልበላችሁ! ጥይት ሲተኮስ ያልተነቃነቁ ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ። "በሑዳዴ!" አለ አንዱ። "ያውም የነጠረ!" አለች ሌላዋ፣ አፍንጫዋን ይዛ፤ ግን ደግማ ለማሽተት ጠጋ ብላ። "ኮረሪማ አለበት" አለ ሦስተኛው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እጄ እስከ ክንዴ ያበራል። ጠዋት ግንባሬን ስላበስ የነካካሁት ፊቴም ያበራል። ሽጉጥ አጉርሶ ገበያ መውጣት፣ ሕዝብ ማስተኛት፣ ገንቦ ማሰበር፣ ይህ ሁሉ የልጅ ጥፋት ነው። በዐቢይ ጾም ቅቤ ግን! ባለ ገንቦዋ እንኳ ቋጠሮውን ሳትፈታ ከእኔ ለመራቅ ነጠላዋን እስከሚችለው ጎተተችው።

ባሻ ተክሌ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ሞተ። "ገድፈሃል" አሉኝ ቀስ ብለው። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

"አልገደፍኩም! ባሻ፣ በእግዜር አልገደፍኩም! የበላችው ሽጉጧ ናት! እንድትስተካከል ቀብቻት ነው!"

"እኔ ለገዳፊ ልጅ አልሰጥም። ሺህ ሎሚ ቢመታ።"

እንባዬ መጣ። አላፍርም፣ መጣ። ባልበላሁት ቅቤ አስካለን ላጣ ነው! የፋሲካ ዶሮ ሳንቀምስ እኔም እትዬ ዘነቡም ልንቀር ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ነው። "ባሻ፣ ይፍረዱ እንጂ አይፍጠኑ!" አልኩ። "ቅቤው ወደ ሆዴ ገብቶ ከሆነ ሽጉጧ ምን ያስተካክላታል? ወደ ሽጉጧ ገብቶ ከሆነ ግን በተቀባችበት ትመሰክራለች!" ይህን ያልኩት እኔ አልነበርኩም፤ ድንጋጤዬ ነው የተናገረው።

ባሻ አሰቡ። ቀጥለው በበትራቸው መሬቱን መቱ። "ይሁን። አሁን ወደ ቤቴ እንሄዳለን። ሎሚው ተሰቅሏል። ከመታህ ቅቤው የሽጉጡ ነው፣ ልጄም የአንተ ናት። ከሳትክ ቅቤው የሆድህ ነው፤ ንስሐህን ትገባለህ፣ ልጄን ለቡልጋው እድራታለሁ።"

ገበያው ግማሹ ተከተለን። ባሻ በበቅሎ ከፊት፣ ዘበኛው ሽጉጧን በቅጠል ይዞ ከኋላ፣ እኔና ባለ ገንቦዋ እንደ ሙሽራ ተቋጥረን ከመካከል። ዶሮ ማነቂያ ስንገባ እትዬ ዘነቡ ዜናው ደርሷት እየሮጠች መጣች፤ እጄን አየች፣ ሕዝቡን አየች፣ "ያን ሁሉ ቀባኸው?" ብላ ደረቷን ደቃች።

ሎሚው ከባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ በክር ተንጠልጥሏል። የክሩ ሌላ ጫፍ በቅርንጫፉ አልፎ ወጥ ቤቱ አጥር ላይ ታስሯል፤ አስካለ እዚያ ቆማለች። ባሻ ማንንም ስለማያምኑ፣ "እኔ በዓይኔ አያለሁ" ብለው ከሎሚው ጥቂት ፈንጠር ብለው ቆሙ።

"እናቴ፣ ለአንድ አፍታ ይፍቱኝ" ብዬ ባለ ገንቦዋን ለመንኳት።

"ሳልካስ? ወይ ፍንክች!"

እንደ ተቋጠርኩ ጥይት አጎረስኩ። ሽጉጧን አነሣሁ። እሷ ከዚህ ልትጎትተኝ፣ ቅቤው ከዚያ ሊያንሸራትተኝ፣ ሕዝቡ ትንፋሹን ይዟል። ማነጣጠሪያዋን አየሁ። ሎሚው አንድ ነበር፣ ሁለት ሆነ፣ ቀጥሎ ጠፋ። "አባቴ ጊዮርጊስ" አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣቴን ምላጯ ላይ አሳርፌ ይሁን ገና ላሳርፍ ስል አላውቅም፣ ባለ ገንቦዋ ነጠላዬን ሳብ አደረገችና፦

ጧ!

ዓይኔን ለመግለጥ ፈራሁ። ከዚያ እንደ መብረቅ ዕልልታ ፈነዳ። ስገልጥ ሎሚው ቅርንጫፉ ላይ የለም፤ መሬት ወርዷል። ባሻ አጎንብሰው አነሡት፣ ወደ ፀሐይ አደረጉት። ከፊት እስከ ኋላው ጥርት ያለ ቀዳዳ! ውሃው በጺማቸው ላይ ይንጠባጠባል። "ከአባቴ ወዲህ እንዲህ ያለ አላየሁም!" ብለው አቀፉኝ፤ ከእኔ ጋር የተቋጠረችውም ሴት አብራ ታቀፈች። ከሰው ሁሉ በላይ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ባለ ገንቦዋ "እኔ ባልስብለት ይስት ነበር" ብላ እስከ ፋሲካ ስታወራ ሰነበተች።

ለዳግማይ ትንሣኤ ተጋባን። እኔም ቀስ በቀስ አልሞ ተኳሽ መሆኔን አመንኩ። ምን ላድርግ፣ አገር ሁሉ ሲነግረኝ! ባሻ ሎሚውን አድርቀው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወርዱታል፣ ቀዳዳውን ያሳያሉ፣ ወደ እኔ ይጠቁማሉ፤ እኔ ደግሞ አንገቴን ሰበር አድርጌ "ኧረ የእግዜር ነው" እላለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ዕለት ታዲያ ግቢው በእንግዳ ሞላ። ጠጁ ዞረ። ባሻ ሞቅ ሲላቸው ብድግ አሉና ከሰሃን ላይ ትኩስ ሎሚ አንሥተው በሁለት ጣታቸው ያዙት። እጃቸውን ዘርግተው፣ "ልጄ! ሽጉጥህን አምጣና አሳያቸው! ዛሬ ቅርንጫፍ አያስፈልግም፣ እኔው እይዝልሃለሁ!" አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም፣ የኔ ነገር፣ ደረቴን ነፍቼ ሽጉጧን ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ። አጉርሼ ስወጣ አስካለ ልጁን እንዳቀፈች በሩን ዘጋችብኝ።

"ወዴት ነው?" አለችኝ።

"ባሻ ሎሚ ይዘውልኛል።"

ፊቷ አመድ መሰለ። "ሎሚውን እኮ አልመታኸውም" አለች።

"የቱን?"

"ያኔውን። ከዋዜማው እኔው በወስፌ በስቼው ነበር። ከፊት እስከ ኋላ። ጥይትህ ትንሽ ስለሆነች ወስፌ ይበቃል ብዬ። ስትተኩስ ክሩን ቆረጥኩት።"

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ከውጭ ባሻ፣ "ኧረ እጄ ዛለ! ምን ትጠብቃለህ?" እያሉ ይጣራሉ።

"ታዲያ ጥይቷስ?" አልኩ። "ጥይቷ የት ገባች?"

አስካለ ልጁን ወደ አንድ ትከሻዋ አዞረችና፣ በባዶ እጇ ቀሚሷን ከብብቷ ዝቅ ብሎ ነካችው። "የአባባ ጋቢ፣ እዚህ ጋ። ገብታ ወጥታለች። ነፋስ መስሏቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ማታ ስሰፋው 'ብል በልቶት ነው' አልኳቸው።"

ይህን ሁሉ ጊዜ ሽማግሌው በየድግሱ ገዳያቸው ልሆን የነበርኩትን ሰው ሲያሞግሱ ኖረዋል። አሁንም ደጅ ቆመው፣ ሎሚ በጣታቸው ይዘው፣ ይጠብቁኛል! አስካለ ሽጉጧን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችና በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "አባባ፣ ልጁ ተኝቷል! ተኩስ የለም!" ብላ ጮኸች። ባሻ ሲያጉረመርሙ፣ ሕዝቡም ሲስቅ ተሰማኝ።

"አስካለ" አልኩ ትንፋሼ ሲመለስ፣ "እኔ ታዲያ ምን መታሁ?"

"አንተማ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር" አለችኝ። "ዓይኔን ገልጬ የወጋሁት እኔ ነኝ።"